ከአሥራ አራት ንብርብር ጋዜጣ ሥር

ሮተርዳም፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሰላሃዲን፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ክረምቱ በሰላም አለፈልዎ? ጤናዎስ እንዴት ነው? አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ እኔና እናቴ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ኢማን እባላለሁ፤ የአክስትዎ ልጅ የሁዛይፋ ልጅ ነኝ። አባቴ ባለፈው ረመዳን እንዳረፈ ሰው ሳይነግርዎ አልቀረም። ሳንተዋወቅ በወረቀት በመምጣቴ ይቅር ይበሉኝ። ስልክዎን ሳፈላልግ ጎረቤትዎ ወይዘሮ ማሚቱ አነሱልኝና "ጋሼ በስልክ አይሰሙም፣ ጆሮአቸው ደክሟል። ጽፈሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ እኔ አነብላቸዋለሁ" አሉኝ። አማርኛዬ ቢያስቅዎ ጥፋቱ የአባቴ ነው። ያስተማረኝ በወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ዕቃ የጠቀለለበትን ጋዜጣ እየለመነ ይለጥፈው ነበር፤ ስለዚህ ፊደል የቆጠርኩት በበርበሬና በቅቤ ወዝ መሀል ነው።

አሁን የመመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። ጋዜጣ፣ መጽሔትና ፊልም እንዴት ወደ ብዙ ሰው እንደደረሱ ነው የማጠናው። መጻሕፍቱ ስለ ማተሚያ ማሽንና ስለ ባለቤቶቹ ብዙ ያወራሉ። ጋዜጣ መግዣ የሌለው ሰው እንዴት ያነብ እንደነበር ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። አባቴ "መርካቶ ሰላሃዲን ጋ አንድ ጋዜጣ በቀን ለአርባ ሰው ይደርስ ነበር" ይል ነበር። እውነት ነው? እንዴት?

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ይሄኛው ለትምህርት አይደለም። አባቴ ከአገር በወጣ በዓመት ከመንፈቁ፣ በ1986፣ ደብዳቤ እንደጻፈልዎ ነግሮኛል። እስከ መጨረሻው መልሱን ይጠብቅ ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ "ከመርካቶ የመጣ ነገር የለም?" ብሎ ጠይቆኛል። ስልክ ደውል ስለው "ደብዳቤዬ ደርሶታል፤ ከፈለገ ይመልሳል" ነበር መልሱ። የሚገርመኝ ሌላም ነገር ነበረው። እዚህ በየቤቱ ፖስታ ሳጥን በነጻ የሚገባ የማስታወቂያ ጋዜጣ አለ፤ እሱን ባየ ቁጥር ሮጦ ያነሳና ከየት እንደተላከ ገልብጦ አይቶ መልሶ ይጥለዋል። ምን እንደሚፈልግ ገብቶኝ አያውቅም።

ለምን አልመለሱለትም? ልወቅስዎ አይደለም። እሱ ሳያውቀው ሄዷል፣ እኔ ልወቅለት ብዬ ነው።

እጅዎን የምትስም ልጅዎ፣
ኢማን

መርካቶ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢማን ሁዛይፋ፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለአባትሽ አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቀው። አንቺንና እናትሽን ያጽናችሁ። እኔ ከጆሮዬና ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ዓይኔን ሞራ ጋርዶኛልና የምትጽፍልኝ ማሚቱ ናት። ደብተርና እስክሪብቶ ነው የምትሸጠው፤ የእጅ ጽሕፈቷ ያምራል፣ አፏ ግን አያርፍም። (ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊ ብዬ አስጻፍኳት።) ታዲያ እንድሰማት መጮህ ስላለባት ደብዳቤሽን የሰማሁት ብቻዬን አይደለም፤ ተራው በሙሉ ነው። ሻንጣ ሻጩ ሰላም ብሎሻል። ባለ ቅመሟ ሰአዳ "የልጅቷ አማርኛ ከእኛ ይሻላል" ብላለች። አባትሽን የሚያውቁት ደግሞ አልቅሰዋል።

እውነት ነው ወይ ላልሽው፣ አባትሽ አሳንሶ ነግሮሻል። ስድሳ የደረሰበት ቀን ነበር።

ከአንዋር መስጊድ ጀርባ በምትገባው ቅያስ ውስጥ ያለችው ቤቴ ያኔም ይህችው ናት። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣራ፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር። ጋዜጣ አልሸጥም ነበር፤ አከራይ ነበር። ወዛደሩ ጭነት አራግፎ ሌላ መኪና እስኪመጣ ድረስ፣ መንገደኛው አውቶቡስ ተራ ገብቶ እስኪሳፈር ድረስ፣ ሳንቲም ሰጥቶ ለግማሽ ሰዓት ይከራያል። ይዞ መሄድ የለም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ደንብ ነበረኝ። የተከራየ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት፤ ዝም ብሎ ለራሱ የሚያነብ እጥፍ ይከፍላል። አንዱ ሲያነብ ሰባቱ ይሰማሉ። ስድሳ እንዲህ ነው የሚሞላው።

መጀመሪያ የነበረን የመንግሥት ጋዜጣ ብቻ ነው፤ ሁሉም ሰው አንድ ወሬ ሰምቶ አንድ ወሬ ያወራል። በ1985 የግሎቹ ሲመጡ ግን በሳምንት ሃያ ዓይነት ገባልን። ያኔ ጉድ ፈላ። አንዱ ያነበበውን ሌላው በሌላ ጋዜጣ ይክደዋል፣ አግዳሚ ላይ ሆነው ይፋጠጣሉ፣ ዳኛው እኔ። የሥራ ማስታወቂያ ሌላ ሰው እንዳያይበት በምላጭ ቆርጦ የሚሄድ ነበር። የቃላት ጨዋታውን ሞልቶ ለተረኛው የሚተው ነበር። ተረኛው ደግሞ ቅናሽ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን የትናንቱና የዛሬው ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ወጣና፣ እኔ የትናንቱን እንደ አዲስ ሳከራይ አረፈድኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ማንም አልነቃም። "ዛሬ ምንም የለም እኮ" ብቻ እያሉ ይመልሱልኛል።

ያደረ ጋዜጣ አይጣልም። ለዒድ ለዒድ ማሚቱ በምታበጀው የዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ፤ አንዱ ዓመት በአንዱ ላይ። አባትሽ ወጥ ቤቱን እንዲያ ያደረገው ከዚህ ወስዶ ነው። ድምፁም የሚያምር ልጅ ነበር። ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ገና ቤቱን ሳንከፍት ሁሉንም ጋዜጣ ለእኔ ያነብልኝ ነበር።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አላህ ትምህርትሽን ያሳካልሽ።

አጎትሽ ሰላሃዲን

ማሚቱ ነኝ፦ የመጨረሻውን ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ነው ጮኼ ያነበብኩላቸው። መስማት ሰምተዋል።

ሮተርዳም፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ሰላሃዲን፣

ሰላምና በረከት ከቤትዎ አይራቅ። ደብዳቤዎ እንዴት እንዳስደሰተኝ ልነግርዎ አልችልም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ለእናቴ ጮክ ብዬ፣ እጥፍ እንዳልከፍል። ለመምህሬም ተርጉሜ ነገርኳት። "ጋዜጣው ስንት ቅጂ ታተመ እያልን ስንቆጥር ኖረናል፤ ስንት ጆሮ ሰማው ብለን የጠየቅን የለንም" አለችኝ። ጽሑፌ እንደ አዲስ እየተጻፈ ነው።

ስለዚህ ልቀጥል። መጽሔትስ? ፊልምስ? አባቴ "ሰላሃዲን የማያውቀውን ቋንቋ ይተረጉም ነበር" እያለ ብቻውን ይስቅ ነበር፤ ሲጠየቅ ግን አይጨርሰውም። ምንድን ነው ነገሩ?

ለዓይንዎ ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ልላክልዎ ብዬ አስቤአለሁ። እናቴም ተስማምታለች፤ እምቢ እንዳይሉን።

የደብዳቤውን ነገር ረስተውት ከሆነ ብዬ እንደገና እጠይቃለሁ። ደርሶዎት ነበር?

ልጅዎ ኢማን

መርካቶ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢማን፣

አላህ ከብርዱ ይጠብቅሽ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። (ማሚቱ ሳቀች። ሥራ አለኝ! የወዛደሩን ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። በዚያው አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ድሮ አንዱ አንብቦ ሰባቱ ይሰማ ነበር፣ አሁን ስምንቱ በስምንት ስልክ ስምንት ነገር ያያሉ። ምን እያየህ ነው ብዬ ስጠይቅ ስልኩን ያሳየኛል እንጂ አይነግረኝም።)

መጽሔት ኪራዩ ውድ ነበር፤ ወረቀቱ ያብረቀርቃል፣ ባለ ቀለም ነው። የሚከራዩት ለጽሑፉ እንዳይመስልሽ። ልብስ ሰፊዎቹ የተዋናዮቹን ቀሚስ ለማየት ይመጣሉ። ፀጉር ቤቶቹ ገጹን ገንጥለው ግድግዳቸው ላይ ይሰቅላሉ። በአንድ ወቅት ግማሽ መርካቶ አንድ ዓይነት ፀጉር ተቆርጦ ነበር፤ ከእኔ መጽሔት አምስተኛ ገጽ ላይ የተቀዳ ነው።

ፊልም የመጣው በኋላ ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ ማየት ለለበሰ ሰው ነበር። እኔ ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ማጫወቻ ገዛሁና ከሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ሰብስቤ መጋረጃ እዘጋለሁ። ብዙው የሕንድ ፊልም ነው። ሰው የሚሉት ነገር ይገባው ብዬ ዱላ ይዤ አጠገቡ እቆምና እተረጉማለሁ። ሕንድኛ አውቃለሁ? አላውቅም። ፊታቸውን አይቼ ነው። እናትየው ስታለቅስ "ልጄን ለከተማ ሰጥቼ ባዶ እጄን ቀረሁ" አስብላታለሁ፤ ወዛደሩ በሙሉ ይንሰቀሰቃል። አንዴ ጀግናው ሲሞትብን ሕዝቡ በጣም ስላዘነ "አልሞተም፣ ሐኪም ቤት ተልኳል" ብዬ አዳንኩት። ጂቡቲ ሕንዶች ቤት የሠራ ሰውዬ መሀል ላይ ተነስቶ "እንዲያ አላለችም!" ቢል፣ "ዝም በል፣ የእኛ ይበልጣል" ብለው አስቀመጡት። አባትሽ ብቻውን የሚስቀው ይህን ሰምቶ ይሆናል፤ እሱ ከሄደ በኋላ የሆነ ነው፣ ማን እንደነገረው አላህ ይወቅ። ፊልም የምወደው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ማንም ሰው ላይ በር አይዘጋም። ፊት ማየት ለሚችል ሁሉ ነው።

ገንዘቡን አትላኪ፤ እምቢ ብያለሁ። ይልቅ ወሬ ላኪልኝ። የከተማሽን አንድ ጋዜጣ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ፤ ወረቀቱን ልየው።

ስለ ደብዳቤው፣ ያኔ ዘመኑ ግርግር ነበር፤ ፖስታ መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር።

አጎትሽ ሰላሃዲን

ማሚቱ ነኝ፦ አትጻፊ ቢሉኝም እጽፋለሁ። ኢሙ፣ ሞራው ባለፈው ግንቦት በነጻ ሕክምና ተነስቶላቸዋል። መንገድ ማዶ የሚያልፍ ሰው ያውቃሉ፣ መርፌ ክር ያስገባሉ። ለምን አላይም እንደሚሉ እኔ እንጃ። ደግሞ "ይጠፋ ነበር" ብለው ሲያስጽፉኝ የሚያዩት እኔን አልነበረም። ከአግዳሚው በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር።

ሮተርዳም፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሰላሃዲን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ይህን ልጽፍ አልፈለግሁም። አባቴ ደብዳቤውን የላከው በአደራ ነው፣ የመድረሻ ካርድ ያለው። ካርዱ ተመልሶ መጥቶለት በኪስ ቦርሳው ውስጥ ሠላሳ ዓመት ይዞት ኖሯል፤ ሲሞት ያገኘሁት እኔ ነኝ። የአዲስ አበባ ፖስታ ቤት ማኅተም አለበት። በፊርማው ቦታ ላይ የጣት አሻራ አለ። ስሙ የእርስዎ ነው።

ደብዳቤው ደርሷል። የማን ጣት ነው? ሌላ ሰው ተቀብሎልዎት ከሆነ ይንገሩኝ፤ ደርሶዎት ተናደው ካልመለሱም ይንገሩኝ። ሁለቱንም እችለዋለሁ። ጠፋ የሚለውን ግን አልችለውም።

ኢማን

መርካቶ፣ የካቲት 15

ኢሙዬ፣ ማሚቱ ነኝ። ጋሼ አይደሉም፣ ከራሴ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብላቸው "የጣት አሻራ" የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ጠጡ ስላቸው እንኳ አይመልሱልኝም። በዚህ ላይ ቅያሳችን ይፈርሳል ተብሎ ቀይ ቀለም ተቀብቶብናል፤ እስከ መጋቢት መጨረሻ ልቀቁ ነው የተባልነው። ሁሉም ዕቃውን እያወጣ ነው። እሳቸው አንዱን አግዳሚ ወደ ግድግዳው አዙረው ቁጭ ብለዋል። እስቲ ታገሻቸው።

መርካቶ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢማን፣

አላህ ያንቺን ልብ ያራራልኝ። ይህንን ስናገር ማሚቱ በጆሮዋ ሳይሆን በእጇ ብቻ ትሰማኛለች፤ በሩን ዘግተናል፤ ከጻፈችው በኋላም ጮክ ብላ አታነብልኝም።

ጣቱ የእኔ ነው።

ማንበብ አልችልም። ዛሬም አልችልም፣ ያኔም አልችልም ነበር። ሃምሳ ዓመት ጋዜጣ ስነካ የኖርኩ ሰው አንዱንም አላነበብኩትም። ከስልጤ ወጥቼ መርካቶ ስሸከም፣ አንድ ሰው ጋዜጣ ይዞ ሲያነብ ሰው እንዴት እንደሚከበው አየሁ። እኔም ከዚያ ክብ እንዳልወጣ ብዬ ነው ቤቱን የከፈትኩት። ጮክ ብሎ የማንበቡ ደንብም ለዚህ ነው። የትናንቱን ጋዜጣ ያከራየሁትም በፎቶው ስለምለያቸው ነው። ይህን የሚያውቅ አባትሽ ብቻ ነበር። ከሱብሂ በኋላ ያነብልኛል፤ ረፋድ ላይ እኔ እንዳነበበ ሰው እከራከራለሁ። አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት አላሳፈረኝም።

ጥር 1985 ላይ እሄዳለሁ አለኝ። በሱዳን በኩል። "ከሄድክ ወንድሜ አይደለህም" አልኩት። አውቶቡስ ተራ ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ አልሸኘሁትም። ስለ ራሴ ነበር የፈራሁት፣ ለእሱ አልነበረም። ይህን ለመናገር ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ደብዳቤው ሲመጣ ጣቴን ተጭኜ ተቀበልኩ። ከዚያስ? ሊያነብልኝ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የጻፈው ነው። ሌላ ሰው ቢያነብልኝ ማንበብ አለመቻሌ ይታወቅብኛል። ደግሞ ረግሞኝ ቢሆንስ? ጋዜጣ የሁሉም ነው፣ ማንም ቢያነበው አያሳፍርም፤ ደብዳቤ ግን የአንድ ሰው ነው። አንድ ዘዴ አሰብኩ። ለዒድ ግድግዳውን ስለጥፍ ደብዳቤውን ከጋዜጦቹ መሀል፣ ከአግዳሚው በላይ ለጠፍኩት። ቤቴ የተቀመጠ ሰው ግድግዳውን ሳያነብ አይነሳም፤ አንዱ ሳያስበው ጮክ ብሎ ያነብልኛል አልኩ። ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው አንድ የትምህርት ቤት ሰው ተቀመጠና "ለወንድሜ ለሰላሃዲን" ብሎ ጀመረ። ወዲያው "ውይ፣ የሰው ደብዳቤ ነው፣ ይቅርታ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ጨዋ ሰው ነበር። አላህ ይይለት፣ ምነው ባለጌ በሆነ!

በማግስቱ ጋዜጣ ለጠፍኩበት። ከዚያ በየዓመቱ፣ ጋዜጦቹ እስኪጠፉ ድረስ።

አሁን ግድግዳው ሊፈርስ ነው። ማሚቱ በሞቀ ጨርቅ እያራሰች፣ እኔ በቢላ እየላጥኩ አራት ቀን ሠራን። ከላይ የሚያብረቀርቀው መጽሔት፣ የኳስ ተጫዋቾችና ሙሽሮች። ከሥሩ ማሚቱ "ይሄማ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ነው" ያለችው፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ጋዜጦች ቀሩ። ከሥሩ የጦርነቱ፤ ከሥሩ የፊልም ማስታወቂያ፤ ከሥሩ ስማቸውን እንኳ የረሳናቸው ሳምንታዊዎች። ማሚቱ እየላጠች ርዕስ ርዕሱን ትጮህልኛለች፣ ሥራችንን ሁለት ጊዜ አቆምን፣ አንዴ በሳቅ አንዴ በለቅሶ። ለጽሑፍሽ ይሆናል ብለን ሁሉንም በየተራው አስቀምጠንልሻል። አሥራ አራት ንብርብር ነው። ከአሥራ አራቱ ሥር ደብዳቤው፣ የቢክ እስክሪብቶው ቀለም ሳይደበዝዝ ተገኘ።

ማሚቱን፣ እንዳታነበው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ፎቶ አንሺ አልኳት። ሁለት ጊዜ እግሬን አነሳችው፤ በሦስተኛው ተሳካ። ልኬልሻለሁ። አንቺ ልጁ ነሽ፤ አንቺ አንብቢው። ክፉ ከሆነ አንቺ ጋ ይቅር፣ አትንገሪኝ። ደግ ከሆነ እንዴት እንደምትነግሪኝ አንቺ እወቂ።

ገንዘብ አልፈልግም። ይህን ብቻ ነው የምለምንሽ።

ሰላሃዲን

ሮተርዳም፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ወንድም ለጋሼ ሰላሃዲን፣

አላህ ደስታ ያሰማዎ። ወይዘሮ ማሚቱ፣ እባክዎ ይህን በር ዘግተው አያንብቡ። በሩን ይክፈቱና አግዳሚዎቹ ሲሞሉ፣ የሚችሉትን ያህል ጮኸው ያንብቡልኝ። ለምን እንደሆነ ከሁለተኛው መስመር ይረዱታል። የአባቴን ደብዳቤ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፤ አንድ ፊደል አልቀየርኩም።

"ለወንድሜ ለሰላሃዲን፣

ይህን ደብዳቤ ለምታነብለት ወንድሜ፦ ሰላሃዲን ዓይኑን ስለሚያመው ነው አንተን ያስቸገረህ። በውስጡ የሚደበቅ ነገር የለም። እንደ ጋዜጣ ጮክ ብለህ አንብበው፣ ቤቱ ያለው ሁሉ ይስማ።

ዜና። ሁዛይፋ በሕይወት አለ። ሱዳንን አልፎ፣ ባሕር አልፎ፣ ሮተርዳም የሚባል የመርከብ ከተማ ገብቷል። ሥራው መሸከም ነው፤ እንደ መርካቶ፣ ግን በማሽን።

ስፖርት። እዚህ ኳስ የሚያውቁ መስሏቸዋል።

የአየር ጠባይ። ዝናብ። ነገም ዝናብ።

ማስታወቂያ። ከሱብሂ በኋላ የሚያነብለት ሰው የጠፋበት ወንድም አለኝ። ትቼው በመሄዴ ጠዋት ጠዋት ድምፄ ይታነቃል። የተናገረኝን አልያዝኩበትም፤ ሲናደድ የሚወደውን ሰው እንደሚያባርር ከልጅነታችን አውቀዋለሁ።

መልስ እፈልጋለሁ፤ መጻፍ ግን አያስፈልግህም፣ ማንንም አታስቸግር። አንድ ጋዜጣ ጠቅልለህ በአድራሻዬ ላክልኝ። የትናንት ቢሆንም ግድ የለኝም። ጋዜጣ ከመጣልኝ ይቅር እንዳልከኝ አውቃለሁ።

ሁዛይፋ"

ጋሼ፣ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጋዜጣ ባየ ቁጥር ለምን እንደሚሮጥ አሁን ገባኝ። ያልላኩት ስላልሰሙ እንደሆነም ገባኝ። አልቀየምኩዎትም። እሱም ቢሰማ አይቀየምዎትም ነበር፤ ዓይኑን ያመዋል ብሎ ምስጢርዎን የጠበቀልዎት ከእርስዎ ቀድሞ ነው።

ልጅዎ ኢማን

መርካቶ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢማን፣

አላህ የደስ ደስ ያሰማሽ፣ እንዳሰማሽኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ተነበበ። ማሚቱ አግዳሚ ላይ ቆማ ነው ያነበበችው። ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ቅያሳችን ሞላ፤ ሦስቱ ወንበር አልበቃ ብሎ በር ላይ ቆሙ። "እዚህ ኳስ የሚያውቁ መስሏቸዋል" ሲል ሳቁ። "ጠዋት ጠዋት ድምፄ ይታነቃል" ሲል ሳቁ ቆመ። እኔ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው ያለቀስኩት። ያ ጨዋ ሰው አንድ መስመር ብቻ ቢጨምር ኖሮ አባትሽ ሠላሳ ዓመት አይጠብቅም ነበር። ይህን ከራሴ ጋር ይዤው እቀበራለሁ፤ ልታጽናኚኝ አትሞክሪ።

ከዚያ ተነሳሁና "ያኔ ዓይኔን አላመመኝም፤ ማንበብ ስለማልችል ነው" አልኳቸው። ምንይሉን አታውቂውም፤ የጎጃም ሰው ነው፣ ሃያ ዓመት ከዚህ ቤት ጋዜጣ የተከራየ ወዛደር፣ አሁን ሽበት በሽበት። እሱ ብድግ ብሎ ምን አለኝ መሰለሽ? "ጋሼ፣ እኔም አልችልም። ተራዬ ሲደርስ ጋዜጣውን ፊቴ ላይ ዘርግቼ ከአጠገቤ ያለው ሲያነብ የሰማሁትን ነበር የምደግመው።" ሦስት ሰዎች "እኔም" አሉ። ተያይተን ሳቅን፣ እስኪያመን። ለጽሑፍሽ ጻፊው፤ የማይችሉ ሰዎች የከፈቱት የንባብ ቤት ነበር በይ።

ቤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይፈርሳል። ለእኔና ለማሚቱ ከአብነት ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቦታ ተሰጥቶናል። አሥራ አራቱን ንብርብር የሰአዳ ወንድም ፈርሀት ለሥራ ወደዚያ አገር ሲመጣ በካርቶን ይዞልሽ ይመጣል።

በካርቶኑ ላይ ግን ሌላ አንድ ጥቅል አለ፤ ከእነሱ ጋር አትደባልቂው። ዛሬ ጠዋት ራሴ ሄጄ የገዛሁት የዛሬ ጋዜጣ ነው። በገመድ አስሬዋለሁ። ማሚቱ አድራሻ ልጻፍበት ብትለኝ አይሆንም አልኳት። በስም ቦታ ላይ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ ተጭኜበታለሁ፤ አባትሽ ያውቀዋል። ከሱብሂ በኋላ መቃብሩ ጋ ውሰጂውና ገመዱን ፍቺው፣ የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ከዚያ ወጥ ቤት ግድግዳው ላይ ለጥፊው።

አጎትሽ ሰላሃዲን